ለወገቤ የታዘዘ

ሰኞ፣ 2

ወገቤ ተያዘ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ገጾች ተጣጥፈው ከተቆለሉበት የእንጨት መደብ ላይ አንድ እቅፍ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። መጎንበሱ ተሳካ፤ ቀና ማለቱ ነው እምቢ ያለው። ከጀርባዬ በስተቀኝ አንድ ነገር ጭብጥ አድርጎ ያዘኝና አልለቅ አለ።

ዝምታው ማሽኑን አቁሞ መጣ። የወረቀት መቁረጫው ባለሙያ ነው። ዝምታው ያልነው ዝምታ በአጠገቡ አልፎ ስለማያውቅ ነው። «እንዳትንቀሳቀስ» አለኝ። መንቀሳቀስ ብችልማ ደስታዬ ነበር።

ሁለት ሰው ደግፎ ቤት አደረሰኝ። በሩን የከፈቱት አማቴ ናቸው። «ጠራዡ ምን ሆነ?» ሲሉ የጠየቁት እኔን ሳይሆን ደጋፊዎቼን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርሳቸው ዘንድ ስሜ ጠራዡ ነው። መጽሐፍ ስለምጠርዝ ስሙ ውሸት አይደለም። ለልጃቸው ያሰቡት ሰው ግን መጽሐፍ የሚጽፍ እንጂ የሚሰፋ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ሳይከፈት መጻሕፍቱ ማለቅ አለባቸው። ሰባት ሳምንት ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ 3

ሐኪሙ ጀርባዬን በጣቱ ተጫነ፣ እግሬን አነሳ፣ አወረደ። «አጥንቱ ደህና ነው። ጡንቻው ነው የተኮማተረው» አለ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት አዘዘ።

ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችበት።

«ይኼኛው ለእብጠትና ለሕመም ነው። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ለአሥራ አምስት ቀን። ባዶ ሆድ አይሆንም። ይኼኛው ደግሞ ጡንቻውን ያፍታታል፤ ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ ፍሬ። እንቅልፍ ያመጣል። መኪና ይነዳሉ?»

«አልነዳም።»

«ማሽን ላይ ይሠራሉ?»

«አጠገቡ እቆማለሁ።»

«ይኼን ወስደው አጠገቡም አይቁሙ። መጠጥም አብረው አይውሰዱበት።» ከዚያ ጨጓራ፣ ግፊት፣ ኩላሊት እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነም ጠየቀች። ሁሉንም የለም አልኩ። በመጨረሻ፥ «ለርስዎ የታዘዘ ነው፤ ለሌላ ሰው አይስጡ» አለች፤ ለሁሉም እንደምትለው በሚያስታውቅ ድምፅ።

ረቡዕ፣ 4

ተኛሁ። ነቃሁ። ተኛሁ። አንድ እግሬ ላይ ካልሲ አለ፤ ሌላው የት እንደሄደ አላውቅም። አፌ ደርቋል። አማቴ በሩ ላይ ቆመው «ይተነፍሳል» አሉ። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእርሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

ዓርብ፣ 6

ባለቤቴ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ናት። የማታውቃቸውን ሰዎች ቁጣ ስትሰማ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ጆሮዋ ሞልቷል። ቀን ቀን የምንውለው እኔና አማቴ ብቻ ነን። ከተጋባን ወዲህ እኔና እርሳቸው ብቻችንን ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀምጠን አናውቅም።

ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠምን። እኔ የቀኙን ግድግዳ ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ እርሳቸው የግራውን ግድግዳ ይዘው ከመታጠቢያ ቤት። ማን ማንን እንደሚያሳልፍ ጠፋብንና ቆምን።

«ጉልበቴ ነው» አሉ።

«ወገቤ ነው» አልኩ።

ሳቁ። በእኔ ላይ ሳይሆን ከእኔ ጋር ሲስቁ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

እሑድ፣ 8

ባለቤቴ ዛሬም ተረኛ ናት። ቀኑ ረጅም ስለነበር አወራን።

ጉልበታቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ሲነሱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው የሚሆነው። «ልጅቷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እንጂ ስንት ሌሊት ግድግዳ ስቆጥር አድሬያለሁ» አሉኝ። ግድግዳ አራት ነው፤ ቶሎ ያልቃል አልኳቸው። «እኮ። ከዚያ በኋላ ምን ልቁጠር?» አሉ።

ከዚያ የእኔን ሳጥን አዩት።

«ያ መድኃኒትህ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እማማ።»

«ለምን ለምን ነው?»

«ለእብጠት። ለሕመም።»

ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። አብጧል። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ በትክክል አብጧል።

አንድ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ዳቦ አስበልቻቸዋለሁ። ባዶ ሆድ እንዳይሆን ተጠንቅቄያለሁ።

እርሳቸውም የራሳቸው ክኒን አላቸው፤ የልባቸው ምት ስለሚዛባ ደማቸው እንዳይረጋ የሚወስዱት። የእርሱን ነገር የምትከታተለው ባለቤቴ ናት። በየወሩ ለደም ምርመራ የምትወስዳቸውም እርሷ ናት። እኔ ስለዚያ ብዙም አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳ ሳይዙ እስከ ውጭው በር ሄደው መጡ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን እንደ ሕፃን ራስ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፥ «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለተባለ ጻፍኩት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አንድ ክኒን ነው፤ የሚነገር ነገር የለውም።

ማክሰኞ፣ 10

ሥራ ገባሁ። የሐኪም ፈቃዴ እስከ ዓርብ ነበር፤ አለቃው ግን ደወለ። «ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ እንጂ አታነሳም» አለ።

ጠዋት ወገቤ ጠበቅ ብሎኝ ነበር። የማታውን ክኒን ጠዋት ዋጥኩ። ቀኑን ሙሉ ከምሰቃይ ብዬ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ተነስቼ ዝምታውን ላግዘው ሄድኩ። ማን አግዘኝ አለኝ? ወረቀቱ ቢላው ሥር ተደርድሮ ነበር፤ አንዱ ጠርዝ አልተስተካከለልኝም፤ እጄን ሰድጄ ገፋ ገፋ አደረግሁት። እጄ እዚያ ውስጥ እንዳለ ረሳሁት። እንቅልፍ አልነበረም። እጄ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር ብል ይቀርባል።

ዝምታው ቢላውን የሚያወርዱትን ሁለቱን ቁልፎች ሊጫን እጁን ዘርግቶ ነበር። አየኝ። እጁን መለሰ። ማሽኑን ከነመብራቱ አጠፋው። ረጅም ሰዓት ምንም አላለም፤ የፈራሁትም ያኔ ነው።

«ምን ወስደህ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«የማታውን።»

«አሁን ማታ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሂድና ቁጭ በል። እኔ የተማርኩት ወረቀት መቁረጥ ነው።»

ረቡዕ፣ 11

ጣቶቼን ቆጠርኩ። አሥር ናቸው። ሞኝነት ነው።

የሚያፍታታውን ክኒን ተውኩት፤ መሳቢያው ውስጥ ነው። ሲመስለኝ ወገቤም ከሞላ ጎደል ለቆኛል።

ቅዳሜ፣ 14

ለእብጠቱ የሚወሰደውን እኔ ካቆምኩ አራት ቀኔ ነው። ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ነበር፤ ወገቤም አልፈለገውም። ለአማቴ ግን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ባለቤቴ ጠዋት ወጥታ በሩ ሲዘጋ አማቴ ቀና ይላሉ። አይጠይቁም። እኔም አልናገርም። ዳቦው ይቀርባል፣ ውሃው ይቀርባል፣ ክኒኑ ይቀርባል።

ዛሬ ብቻቸውን ሱቅ ሄደው ተመለሱ። ሳሙና ገዝተው መጡ፤ ሳሙና ነበረን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ፥ «መጽሐፍ እንዴት ነው የሚሰፋው?» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄው እንደነበር አላውቅም ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አወረድኩ፤ መርፌ፣ ክር፣ ሙጫ አመጣሁ። ገጾቹ አንድ በአንድ ሳይሆን እጥፍ በእጥፍ እንደሚሰፉ፣ ክሩ ከጠበቀ ወረቀት እንደሚቀድ፣ ከላላ እንደሚፈታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ተከታተሉኝ። «ሥራ ነው ለካ» አሉ።

ማክሰኞ፣ 17

ክኒኑ አለቀ። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ።

«ወገብህ እንዴት ነው?»

«ትንሽ አለ።»

«ጎንበስ በል እስቲ።»

ጎንበስ አልኩ፤ በግማሹ አቆምኩና ፊቴን አጨማደድኩ። ስዋሽ ያን ያህል ጎበዝ መሆኔን አላውቅም ነበር። ለአሥር ቀን ጻፈልኝ። «ከዚህ በኋላ ካላቆመ ሌላ ነገር እንፈልጋለን እንጂ ይህን አንቀጥልም» አለ።

ፋርማሲስቷ፥ «ሆድዎን አላቃጠለዎትም?» አለችኝ። የለም አልኩ። «ሰገራዎ አልጠቆረም?» አለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ይጠየቃል? ከኋላዬ ሁለት ሰው ተሰልፎ ነበር። የለም አልኳት።

ሐሙስ፣ 19

የጋዝ ሲሊንደሩ አለቀ። ባለቤቴ አዲሱን ተሸክማ ሦስት ፎቅ ወጣች። «አንተ እንዳትነካው፣ ወገብህ» አለችኝ። ከኋላዋ ባዶ እጄን ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ አለች፤ እኔም አብሬ አረፍኩ።

ሥራ ቦታም የእኔን እቅፍ የሚያነሳው ዝምታው ነው። ዛሬ እንደ ድንገት አንዱን ላነሳ ስል ተቆጣኝ።

እሑድ፣ 22

ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፥ «እናቴን ምን አድርገሃት ነው?» አለችኝ። የማደርቀውን ሳህን አስቀመጥኩ።

«ምን ሆኑ?»

«ትናንት ስለ አንተ ስታወራ ነበር። 'እጁ ብልህ ነው' አለችኝ። እኔ እኮ መታረቃችሁን ሳላይ የምሞት መስሎኝ ነበር።» ጀርባዬን በእርጥብ እጇ ነካ አደረገችኝ፤ ታማሚውን ጎን ላለመንካት ተጠንቅቃ።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። እጇ እርጥብ ነበረና ሸሚዜ ላይ ምልክቱ እስኪደርቅ ቆይቷል።

ረቡዕ፣ 25

አማቴ ክንዳቸው ላይ ሐምራዊ ነገር አየሁ። የእጅ መዳፍ ያህላል።

«ምን ነክቶዎት ነው?»

«በሩ።»

«የትኛው በር?»

«በር በር ነው፣ ምን የትኛው አለው?»

ዛሬ ክኒኑን አልሰጠሁም። አለቀ አልኳቸው። ሳጥኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዓርብ፣ 27

ሁለት ቀን አልሰጠሁም። ትናንት ከአልጋቸው አልወረዱም። ዛሬ ባለቤቴ እራት ላይ ውሃ አቀብዪኝ ስትላቸው፥ «ጠራዡ ያቀብልሽ» አሉ።

ከእራት በኋላ ሰጠኋቸው።

ሰኞ፣ 30

ፋርማሲስቷ ያለ ማዘዣ አልሰጥም አለች። «ይህ እኮ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ አይደለም፤ ወገብዎ አሁንም ካመመዎት ሐኪሙ ይይዎት» አለችኝ። በደግነት ነው የተናገረችው። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ከድልድዩ ማዶ ሌላ ፋርማሲ አለ። የቆመው ሰውዬ ስልክ እያወራ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቅ ሸጠልኝ። ጥሩ ፋርማሲ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

ሐሙስ፣ 3

ወሩ ገባ። ሥራ በዝቷል፤ የሳይንስ መጽሐፉ ሽፋን ተገልብጦ ታትሞ መጥቶ ስድስት ሺህ ቅጂ ልጠናል።

አማቴ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ደም አዩ። ነጣ ብለዋል። ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ ቆሙ። «እርጅና ነው» አሉ። ባለቤቴ ሰኞ የደም ምርመራቸው ነው አለች። ሰኞ ቅርብ ነው። እስከ ሰኞ አንድ አንድ ብቻ ልስጣቸው ብያለሁ፤ በቀን ሁለት መሆኑ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ 5። ሆስፒታል

ጠዋት አንድ ሰዓት። መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ድምፁን እኔ ሰማሁ። ባለቤቴ በሩን ከፈተች። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጥቁር።

ታክሲ። እጃቸው ቀዝቃዛ።

ሐኪሟ ጠየቀች፤ ከልብ መድኃኒታቸው ሌላ የሚወስዱት አለ? የሕመም ማስታገሻ፣ ማንኛውም ነገር።

ባለቤቴ የለም አለች።

አማቴ የለም አሉ። ሲሉ ያዩት እኔን ነው።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ፣ 5። እዚያው፣ ስድስት ሰዓት

ደም እየተሰጣቸው ነው። ደማቸው ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፤ ሆዳቸው ውስጥ የሚደማ ቦታ አለ። ሐኪሞቹ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። የወሰዱት መጠን ትክክል ነው፤ ባለቤቴ በቀን በቀኑ የያዘችው አለ።

ኮሪደሩ ላይ የብረት ወንበር፤ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። እነግራለሁ። መጀመሪያ ለማን? ለሐኪሟ ከተነገረ ለባለቤቴም ነው። አማቴ አልወሰድኩም ብለዋል፤ ውሸታም ላደርጋቸው ነው። ምናልባት ከክኒኑ አይደለም። ይህንኑ ሳመላልስ አምስት ሰዓታት አልፈዋል።

እሑድ፣ 6

በረጋ እጅ ልጻፈው።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ከክፍሉ ወጣች። የአማቴ የክትትል ደብተር እጇ ላይ ነበር። ሽፋኑ አረንጓዴ ሸራ ነው፣ ጠርዙ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ። የጠረዝኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ሊበታተን ሲል ባለቤቴ ሰጥታኝ። ስጠርዝ እያንዳንዱን ገጽ አገላብጫለሁ፤ ያለዚያ አይጠረዝም። ሦስተኛው ገጽ ላይ በትልቁ ታትሟል፤ ሐኪም ሳያውቅ ምንም ዓይነት የሕመምና የእብጠት መድኃኒት አይውሰዱ፣ ደም መፍሰስ ያስከትላል። አንብቤዋለሁ። በዚህ በራሴ ማስታወሻ ላይ ግን ስለዚያ ብዙም አላውቅም ብዬ ጽፌያለሁ። ተመልሼ አየሁት፤ በራሴ እጅ ነው የተጻፈው።

ሐኪሟ ለባለቤቴ መናገር ጀመረች። በአፍ በኩል መመልከቻ ቱቦ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ከዚያ በፊት ግን መንስኤው ቢታወቅ ጥሩ ነበር አለች። ባለቤቴ ሻይ ላምጣ ብላ ወረደች። ተነሳሁ።

«እኔ ሰጥቻቸዋለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ለወገቤ የታዘዘልኝን። የእብጠቱን።»

የጠበቅሁት ስድብ ነበር። እርሷ እስክሪብቶ አወጣች። ስሙ ምንድን ነው፣ ባለ ስንት ሚሊግራም ነው፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የመጨረሻው መቼ ነው። ሳጥኑ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰጠኋት። አራት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ መሀል ላይ ሁለት ቀን አቋርጬ ነበር፣ የመጨረሻው ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ አልኩ። «ከምግብ በኋላ ነው የሰጠኋቸው» ብዬ ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም።

«የሚያፍታታውንስ?»

«እርሱን አልሰጠሁም።»

«ጥሩ። ይህን ጠዋት ብናውቀው ይሻል ነበር» አለችኝ። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ዞር ስል ባለቤቴ ሁለት የወረቀት ኩባያ ይዛ ቆማለች። ከየት ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። አንዱን ኩባያ ለሐኪሟ ሰጠች። ሌላውን ራሷ ጠጣችው።

ማክሰኞ፣ 8

ደሙ ቆሟል። ቱቦውን አስገብተው አዩ፤ ጨጓራቸው ላይ ቁስል አለ። ይድናል አሉ። የልባቸውን መድኃኒት ለጊዜው አቁመውታል፤ መቼ እንደሚመለስ እነርሱ ይወስናሉ።

ባለቤቴ ከቅዳሜ ወዲህ ያናገረችኝ አንዴ ነው። «ጋዙን የተሸከምኩበት ቀን ወገብህ ደህና ነበር?» አለችኝ። ደህና ነበር አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ በሥራ ቦታዋ ቅሬታ ስትመዘግብ እንዲሁ የምታደርግ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ 9

ለዝምታው ነገርኩት። ወገቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ድኗል አልኩት። ያነሳልኝን እቅፍ ሁሉ በልቡ ሲቆጥር አየሁት። «እና የእኔ ወገብ ለማን ታዘዘ?» አለኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አላወራም፤ ክፍሉ ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀኝ። ያለማንም እርዳታ ሦስት ቁልል ወረቀት አነሳሁ።

ዓርብ፣ 11

አማቴን ለብቻዬ አየኋቸው። ባለቤቴ ከሐኪሟ ጋር ነበረች። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተኝተዋል።

«ተናገርክ» አሉ።

«ተናገርኩ።»

«እኔ አልወሰድኩም ብዬ፣ አንተ ሰጥቻለሁ አልክ። በልጄ ፊት አዋረድከኝ።»

«ቢሞቱስ፣ እማማ?»

ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አደረጉ። «አውቅ ነበር» አሉ ከዚያ። «ያኔ መጀመሪያ መድኃኒቱን ሲያስጀምሩኝ ነግረውኛል። ምንም ነገር እንዳትወስጂ ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«አንተስ ለምን ሰጠኸኝ?»

መልስ ነበረኝ፤ የሚነገር አልነበረም። ነርሷ ገብታ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ደህና ነው አለች፤ ወጣች። ከዚያ በኋላ የተናገርነው ስለ ትራሱ ነው፤ ዝቅ ይበል ከፍ ይበል።

ረቡዕ፣ 16

ቤት ገቡ። ባለቤቴ በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰበሰበች፤ የእኔን የሚያፍታታውንም ጭምር። ወደ ፋርማሲዋ ወስዳ እንዲያስወግዱት ሰጠች። ምን ብላ እንደሰጠቻቸው አልጠየቅኋትም። በዚያ በኩል ለማለፍ አፍሬ ዛሬ በላይኛው መንገድ ዞሬ መጣሁ።

ለጉልበታቸው ሌላ ነገር ታዟል። ከልብ መድኃኒታቸው ጋር የማይጣላ ቀለል ያለ ማስታገሻ፣ በቀን ከዚህ አይበልጥም ተብሎ በቁጥር። የጉልበት መደገፊያ። በሳምንት ሁለት ቀን እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ባለሙያ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ለምን አልጠየቁም?» አለቻቸው ሐኪሟ። አማቴ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው አሉ። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ማክሰኞ፣ 22

መጻሕፍቱ ትናንት ተጭነው ሄዱ። ከቀጠሮው ሦስት ቀን አሳልፈናል ለማለት አለቃው ሰበሰበን፤ አንድ ቀን ነው ያለፈው። ዝምታው ማውራት ጀምሯል፤ ሙሉ የምሳ ሰዓቱን ስለ ጎረቤቱ ግንብ አወራልኝ። ይቅር መባሌ ይሁን ሌላ ሰው ማጣቱ አልለየሁም።

ባለቤቴ ማታ፥ «ዶክተሯ የእናቴን የልብ መድኃኒት በአዲስ መጠን አስጀምራለች። አንተም ማወቅ አለብህ» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስነበበችኝ። ጮክ ብዬ እንዳነብ ነው የፈለገችው። አነበብኩ። እንደገና አለች። እንደገና አነበብኩ።

ሰኞ፣ 28

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። አማቴ ከክፍላቸው ጠሩኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ መደገፊያው ጉልበታቸው ላይ ነው። ማታውን ዝናብ ሲዘንብ ነው ያደረው፤ በዝናብ ጊዜ ይብስባቸዋል። የታዘዘላቸውን ወስደዋል፤ የሚቀጥለው ሰዓቱ ገና ነው።

«አንድ ብቻ» አሉኝ። «አንድ ሰውን አይገድልም። ከማዶው ፋርማሲ አምጣልኝ፣ ልጄ።»

«አላመጣም፣ እማማ።»

«ልጄ ነው ያልኩህ።»

«ሰምቻለሁ።»

ተኙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሥራ የምገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለአለቃው ደወልኩ፤ ዛሬ አልገባም አልኩት። «ደግሞ ወገብህ?» አለኝ። «ወገቤ ደህና ነው። አማቴን አሟቸው ነው» አልኩት። ይህ ለፈቃድ አይበቃም አለ። ከደመወዜ ቁረጥ አልኩት።

ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጨመቅሁና ይዤ ገባሁ፤ እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ባለሙያ እንዳሳየችኝ። መደገፊያውን ፈትቼ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁት። አልዞሩም። ሲቀዘቅዝ ሄጄ አሞቅሁት፣ መለስኩት። እንዲህ ስንል አራት ሰዓት ሆነ። ወንበር ስቤ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ያማል» አሉ ወደ ግድግዳው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

«እሺ። አላውቅም።»

ፎጣውን ሦስት ጊዜ እንደቀየርኩ፥ «ሥራህስ?» አሉኝ። ቀርቻለሁ አልኩ። እግራቸውን ፎጣው በደንብ እንዲያርፍበት ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት።